ሳይጠይቁን ፈረዱብን

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ይግባኝ» እያለ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ካለ ረስቶታል። ቅጽል ስሙን የለጠፈችበት ሻይ የምታፈላው ነገረኛ ሴትዮ ናት። መጀመሪያ ተቀይሟት ነበር፣ ኋላ ግን ወደደው። ምን ያድርግ፣ ሥራውም ይግባኝ ነው፣ ኑሮውም ይግባኝ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰው በኢንተርኔት የሚጽፈውን የሚያጣራ ድርጅት አለ። ፎቅ ላይ አንድ ሰፊ አዳራሽ፣ በረድፍ የተደረደሩ ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛው ስክሪን፣ በየስክሪኑ ፊት ዓይኑ የቀላ ሰው። አንዱ ይሳደባል፣ ሌላው «ሰደበኝ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው አንብቦ ወይ ያነሳዋል ወይ ይተወዋል። የተነሳበት ሰው «ተበድያለሁ» ካለ ደግሞ ጉዳዩ መስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ይሄዳል። እዚያ ነው ይግባኝ የሚቀመጠው። መስኮት ይባል እንጂ የሚያሳየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳና አንድ የሚያንጠባጥብ የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ ነው። ቢሆንም መስኮት ነው። አዳራሹ ውስጥ ሌላ መስኮት ያለው ጠረጴዛ የለም። በሕይወቱ ሰው የሚመኘው ነገር እጁ የገባው እዚያ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ለምን እሱን እዚያ እንዳስቀመጡት ሁሉም ያውቃል። ሌላው ይግባኝ ሲመጣለት እያዛጋ «አልጸደቀም» ይጫናል። እሱ ግን ያነባል። የሚጽፈው ሰው አንድ በአንድ ፊቱ ቆሞ የሚለምን ይመስለዋል። አስረኛ ክፍል እያለ የትምህርት ቤቱ የሰልፍ ማይክራፎን ጠፋ። ዳይሬክተሩ በማግሥቱ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ማይክራፎን ስለሌለ በባዶ ጉሮሮው እየጮኸ የእሱን ስም በሌብነት ጠራ፤ አባረረውም። ከዚያ ደብተሩን ይዞ በበሩ ወጣ። ወሩ ሳያልቅ ማይክራፎኑ ከስፖርት መምህሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ከኳስ መንፊያ ጋር ተጠቅልሎ ተገኘ። ሂዱና ያንን ልጅ ጥሩት ያለ ግን አልነበረም። ዳይሬክተር ስህተቱን የሚያርመው በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ አባባል አለችው፦ «ሳይጠይቁኝ ፈረዱብኝ።» ታክሲ ውስጥ ይላታል፣ ለቅሶ ቤት ይላታል። የጥርስ ሐኪም ዘንድ አፉን ከፍቶ እንኳ ሊላት ሞክሯል ይባላል። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ፣ እትዬ የሚላት፣ ገና «አስረኛ ክፍል እያለሁ» ሲል ከንፈሯ ከእሱ እኩል መንቀሳቀስ ይጀምራል።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሰው ነው ያ ደብዳቤ የመጣው።

«ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። «እኛ ቁጥራችን ትንሽ ነው። እንዲህ አድርጋችሁ ፍጠሩን ብለን የጠየቅነው የለም። ማንንም አልነካንም። የልባችንን ስለተናገርን ብቻ ከቤታችን ተባረርን። ትናንት የተጠሉ ብዙዎች ዛሬ ተከብረው ይኖራሉ፤ እኛም ቀናችንን እንጠብቃለን። ያቃጠለን ጥላቻው አይደለም። ሳይጠይቁን ፈረዱብን።»

ይግባኝ መጨረሻዋን መስመር ሲያነብ ክው አለ። እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። አንድ የማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው ቦታ፣ የእሱን ቃል ከአፉ ነጥቆ ጽፎታል።

ይግባኝ የሚያይ ሰው ፊቱ የሚመጣለት ሁለት ነገር ነው፦ ደብዳቤውና የተነሳው ጽሑፍ። ግሩፑ ውስጥ ገብቶ ጓዳ ጎድጓዳውን ማየት አይፈቀድለትም፤ ሰዓት ያባክናል ይላሉ ከላይ ያሉት። ግሩፑ «የተገፉት ቤት» ይባላል። የተነሳው ጽሑፍ የሻማ ፎቶ አለው፣ ከሥሩ «ፍቅር ዕድሜ አይቆጥርም። ይህን አምነን የተገፋን ጥቂቶች፣ ቤታችን እዚህ ነው» ይላል። በቃ። ይግባኝ ትዝ ያለው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሰውዬው እናቱን የምታክል ሴት አግብቶ ሰፈርተኛው መሳቂያ ቢያደርገው መቀሱን ጠቅልሎ ከሰፈር ወጣ። ይኸው፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ብሎ አሰበ። ግሩፑን የዘጋው ሠራተኛ ምክንያቱን በአጭሩ «የሕፃናት ደኅንነት» ብሎ ጽፎበታል። የት አለ ሕፃን? ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበበው። ሕፃን የለም። «ጸድቋል» የሚለውን ተጫነ። ቤቱ ተከፈተ። ያን ቀን ትከሻው ቀለል ብሎት ዋለ፤ ያንን የስፖርት መምህር አንገቱን የያዘ ያህል።

ግሩፑን የዘጋችው ነርሷ ናት። ድሮ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ትሠራ ነበርና አዳራሹ ውስጥም ነርሷ ናት። ሻይ ክፍል ውስጥ አገኘችው።

«ይግባኝ፣ ያንን ቤት የከፈትከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ምን አይተህ?»

«አንቺ ምን አይተሽ ዘጋሽው? ሕፃን ብለሽ ጻፍሽ። አጉሊ መነጽር ይዤ ብፈልግ ሕፃን የሚባል ነገር አጣሁ።»

«አዎ፣ የለም» አለች ብርጭቆዋን እያለቀለቀች። «እሱ ነው ያስፈራኝ።»

«ኧረ ባክሽ! የሌለ ነገር ነው የምትፈሪው?»

«ሕፃናት ክፍል ስሠራ ብዙ ጠያቂ ይመጣል። ልጅ ታሞ ስለ ልጁ የሚያወራ አለ። ልጅ ታሞ ስለ ራሱ የሚያወራ አለ፦ እኔ እንዲህ ተጎዳሁ፣ እኔን ማንም አልተረዳኝም። እንዲህ የሚለውን ልጁ አልጋ አጠገብ ብቻውን አልተወውም ነበር። ይሄንንም ሳነብ ያ ሽታ ሸተተኝ።»

«እሺ ዶክተር። እኛ እንግዲህ ሆስፒታል አልሠራንም፣ ስለ ሽታ አናውቅም» አላት። ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ ሳቀች። ነርሷ አልሳቀችም። እሱ ደግሞ የተማረ ሰው ሲሸነፍለት ደስ ይለዋል፣ መደበቅም አይችልበት።

ማታ ቤት ሲገባ እትዬ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ድንች ትልጣለች። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ ነው የምትውለው፤ ጣቶቿ ከእንፋሎቱ የተነሳ ሁልጊዜ እንዳበጡ ናቸው። ደብዳቤውንም ከሻማው ፎቶ ሥር ያለውንም በቃሉ ይዞት ነበርና አንድ ቃል ሳያስቀር ደገመላት። ሲጨርስ የራሱ ድምፅ ተንቀጥቅጦ ነበር።

«አያሳዝንም፣ እትዬ?»

«ያሳዝናል» አለች። ድንቹን አገላብጣ አየችው። «ማንን ነው ግን የሚወዱት?»

«እንዴት ማንን?»

«በፍቅር ምክንያት ተባረርን አሉ አልክ። እሺ፣ የተወደደው ማነው? እሱስ ምን አለ?»

«አይ እትዬ፣ አንቺ ደግሞ! ነገሩን ትተሽ ነጠላ ክር ትመዢያለሽ።»

«እኔ እንጃ። እናንተ ሰፈር ደብዳቤ የሚጽፍ ሁሉ እውነተኛ ነው» ብላ ልጣጩን ሰብስባ ተነሳች። ሬዲዮ ከፈተ።

የተገፉት ቤት ከተከፈተ በኋላ ሥራ ጀመረ። ሰው መክሰስ ማለቴ ነው። ያንን ቤት ክፉ የተናገረ ሁሉ «በአናሳ ቡድን ላይ ጥላቻ» ተብሎ ሪፖርት ይደረግበታል። ክሱ የሚጻፈው ባማረ ቃል ነው፤ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ እንኳ በየቦታው ነው። የአዳራሹ መመሪያ ደግሞ የሚያየው አንደበትን ነው። በለሰለሰ ቃል መርዝ ብትጽፍ ሐሳብ ይባልልሃል። ደምህ ፈልቶ አንድ ስድብ ካመለጠህ ግን በደለኛው አንተ ነህ። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች አንድም ቀን ደማቸው ፈልቶ አያውቅም መሰለኝ።

ከተከሰሱት አንዷ ፎቶዋ ላይ የስፌት መኪና ያደረገች ሴት ናት። «ጅቦች! ስማችሁን ስለቀየራችሁ ጥርሳችሁ የሚቀየር መስሏችኋል?» ብላ ጽፋ ተነሳባት። ይግባኝ አለች፦ «ጅብን ጅብ ማለት ስድብ ከሆነ እሱን ራሱን አስመጡና ጠይቁት።» ይግባኝ ሳቀ። ግን ሰውን በእንስሳ መስሎ መሳደብ ክልክል ነው፣ ጅብ ደግሞ እንስሳ ነው። «አልጸደቀም።» ቀናት አለፉና ተመለሰች፦ «እናንተን ነበር እንደ ውሻ ማሰር።» ውሻም እንስሳ ነው። «አልጸደቀም።» ሲጫነው ትንሽ ንዴት ነበረበት። ምን አደረጉሽ እነዚህ የተገፉ ሰዎች፣ አለ በሆዱ፤ ለምን አትተዪአቸውም?

ሦስተኛው «እባቦች» የሚል ነበር። በመመሪያው መሠረት ሦስተኛው ካልጸደቀ አካውንቱ ከነበረው መልእክት ሁሉ ጋር ለዘለዓለም ይዘጋል። ይግባኟ ዓርብ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ፊቱ መጣ። እንደ ሌላው ጊዜ አጭር አልነበረም።

«ጌታዬ ወይም እመቤቴ፣ ማን እንደሚያነበው አላውቅም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጽሑፍ አልችልበትም፣ ስናደድም አፌ ክፉ ነው፣ ለስድቡ ይቅር በሉኝ። ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። የራሷ ስልክ የላትም፣ ጌም የምትጫወተው በእኔ ስልክ፣ በዚሁ በእኔ አካውንት ነው። ከዚያ ቤት አንድ ሰው በውስጥ መስመር ይጽፍላት ነበር። እኔ ስሰፋ እሷ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ነው። እየተጫወተች መስሎኝ። ሰው ሁሉ ይጠላኛል ይላታል፣ አልቅሼ አደርኩ ይላታል፣ እሷ ታባብለዋለች። ልጄ ምሳዋን ትታ አንድ ትልቅ ሰው ስታባብል ከረመች። ለእናትሽ ከነገርሽ አንቺም ከአሳዳጆቼ አንዷ ነሽ ብሏታል። ብቻሽን ነይና እንገናኝ ባላት ቀን ፈርታ ነገረችኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር፣ መርማሪው ሰኞ ስለሚገባ ሰኞ ስልኩን ይዘሽ ነይ አሉኝ። አሁን ይህንን ከዘጋችሁብኝ ምን ላሳይ ነው? ማን ያምነኛል? እባካችሁ። የጻፈላትን ጥቂቱን ገልብጬላችኋለሁ፣ እናንተም እዩት።»

ከሥሩ የሰውዬው ቃል አለ። ይግባኝ አነበበው።

«ትልልቆቹ ሰዎች ክፉ ናቸው። እኔ ማንንም አልነካሁም። ሳይጠይቁኝ ፈረዱብኝ። አንቺ ግን እንደነሱ አይደለሽም፣ ልብሽ ንጹሕ ነው። አንቺ ትረጂኛለሽ።»

ቱቦው ከመስኮቱ ውጭ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የይግባኝ እንቅልፍ ጥሎት ጠፋ።

ያቺው ናት። «እኛ»ው «እኔ» ከመሆኑ በቀር አንድ ፊደል አልጎደለባትም። እሱ ቤቱ ድረስ ተሸክሟት የሄደውን፣ ለእትዬ በተንቀጠቀጠ ድምፅ የደገማትን፣ የእኔ ቃል ናት ያላትን መስመር፣ ለአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ልከውላታል። መስመሯ ከማንም ልብ የወጣች አይደለችም። መንጠቆ ናት። ልጅቷም እሱም በአንድ መንጠቆ ነው የተያዙት። እሷስ ልጅ ናት፤ ፈርታም ቢሆን ለእናቷ ተናገረች። እሱ ጎልማሳው፣ እሱ መስኮት ያለው ዳኛ፣ ነርሷ እየነገረችው፣ እትዬ እየጠየቀችው፣ በሩን በገዛ እጁ ከፈተላቸው። እናቲቱ ስትጮህ ደግሞ አፏን ያዘላቸው፤ አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ።

ተነስቶ ወደ ሺፍቱ አለቃ ሄደ። አለቃው በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል አለችው። ልጁ ሊሆን በሚችል ዕድሜ ታናሹ ነው፣ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፣ ይግባኝንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንተ ነው የሚለው። ይሄም ቂሙ ውስጥ አለ።

«የተገፉት ቤት ይዘጋ» አለ ይግባኝ፣ ሳይቀመጥ። ስለ ልብስ ሰፊዋ ነገረው።

አለቃው ስክሪኑን አየ። «የሴትዮዋ ቃል እኮ እባብ ነው። እባብ…»

«እንስሳ ነው፣ አውቃለሁ። እባቡ ቅር ካለው እኔ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

አለቃው ሳቅ አለና መልሶ ኮስተር አለ። «ስማ፣ ቤቱን የከፈትከው አንተ ነህ። በይግባኝ የተከፈተ ከዚህ አዳራሽ አይዘጋም። ወደ ላይ ይላካል፣ እነሱ ሲደርሳቸው ያያሉ፣ ያው ሳምንታት ይፈጃል። ሌላው መንገድ የከፈተው ሰው ራሱ ተሳስቻለሁ ብሎ ሲገለብጠው ነው።»

«እሱን እናድርገዋ።»

«የዚህ ዓይነቱ ስህተት ቀላል አይደለም። የልጆች ጉዳይ ነው። ከመስኮቱ ጠረጴዛ ትነሳለህ፣ ዳግም ይግባኝ አታይም። ሰኞ መልሰህ ብታስብበትስ? ሰዎቹ ቃላቸው ጨዋ ነው፣ ነገ ደግሞ አናሳዎችን አሳደዳችሁ ብለው ጋዜጣ ላይ ቢያወጡንስ?»

ይግባኝ አሥር ጊዜ ከዚህ ክፍል ተጣልቶ ወጥቷል፤ ሁልጊዜም የተበደለ እሱ ነበር፣ የበደለውም ሌላ ሰው። ዛሬ ጣቱን የሚቀስርበት ሰው ቢፈልግ አጣ። መመሪያው አለ፣ አለቃው አለ፣ ከላይ ያሉት አሉ። በእነሱ ሊያመካኝ ይችል ነበር፤ ውሸትም አይሆንበትም። ሲያመካኝ ግን ጊዜው ይሄዳል። ሰኞ ደግሞ ይመጣል።

«ሰኞ አይሆንም» አለ።

አለቃው ወንበሩን ወደ ኋላ አደረገና ዓይን ዓይኑን አየው። «እሺ፣ ልጠይቅህ። ምን ነካህ? ቃል በቃል የምታነብ ሰው ነህ። ምን አይተህ ነው የከፈትክላቸው?»

እንግዲህ ያንን ሁሉ ዘመን ሳይጠይቁኝ፣ ሳይጠይቁኝ ሲል የኖረ ሰው ይኸውና ተጠየቀ። በመስታወቱ አዳራሹን አየ፤ ነርሷ ቀና ብላ እያየችው ነበር።

«ስለ እኔ የሚያወሩ መስሎኝ ነው» አለ።

አለቃው ስክሪኑን ወደ ይግባኝ አዞረለት። «በል እንግዲህ፣ ገልብጠው።»

ከመገልበጡ በፊት ማስረጃ ማያያዝ ነበረበት። ለዚያም የግሩፑ ውስጥ ተከፈተለት። ነርሷ ሳትጠራ ወንበሯን እየጎተተች መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። አላሾፈችበትም፤ ብታሾፍበት ይሻለው ነበር። ገጽ በገጽ ወረዱት። የሻማ ፎቶ፣ የተሰበረ ልብ፣ ግጥም። በታሪክ ስለተሳደዱ ሕዝቦች ረጅም ረጅም ጽሑፍ፣ መጨረሻው ላይ «እኛም እንደነሱ ነን» የሚል። እርስ በርስ መጽናናት፣ እርስ በርስ መሞጋገስ፣ ዓለምን መርገም። ጠላቶቻቸው ብዙ ናቸው፦ እናት፣ አባት፣ መምህር፣ ሐኪም፣ ፖሊስ። ሁሉም እዚያ በስም ተጠርቶ ይረገማል።

«ምን እየፈለግህ ነው?» አለችው፣ መውረዱን አላቆም ሲል።

«ልጅ» አለ። «ልጅ የተናገረው አንድ መስመር።»

«አታገኝም።»

አላገኘም። ይህን ሁሉ ሙሾ የሚያወርዱት በልጅ ምክንያት ነው፤ ልጁ ግን ቤቱ ውስጥ የለም። ምን ፈራ፣ ምን አለቀሰ፣ ስንት ቀን ምሳውን ተወ፣ የሚል ነገር የለም። የሚያለቅሱት እነሱ ብቻ ናቸው። እትዬ ድንች እየላጠች የጠየቀችው ይሄንን ነበር፤ እሱስ ምን አለ?

«ያ ለልጅቷ የሚጽፈው ሰውዬ እጄ ቢገባ…» አለ ይግባኝ።

«አንተ እሱን ተወውና ማያያዝህን ጨርስ» አለች ነርሷ። «ይቺን ገጽ ረስተሃል።»

ያያያዙትን ከላይ የልጆችን ጉዳይ ለሚያየው ክፍል ላኩት። ቤቱ ተዘጋ። የልብስ ሰፊዋ ይግባኝ «ጸድቋል» ሆነ፤ የቀደሙትን ሁለቱንም ገለበጠላት። ጅቡም ውሻውም እባቡም ወደየቦታቸው ተመለሱ። መልእክት መጻፊያ ቢኖር አንድ ነገር ይጽፍላት ነበር፤ የለም። ለሰዎች የሚላከው ማሽኑ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ጉዳይዎን ተመልክተን ውሳኔያችንን ቀይረናል።» እሱንም ላከላት። ከዚያ ብርጭቆውንና የወንበሩን ትራስ ይዞ ከመስኮቱ ተነሳ።

አዲሱ ቦታው መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከጀርባው ንፋስ ይገባል። ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ ለአዲሱ ቦታ አዲስ ስም ልታወጣለት አሰበች፤ ፊቱን አይታ ተወችው። ሰኞ ዕለት በምሳ ሰዓት ነርሷ ጋ ሄዶ፣ የስፌት መኪናዋ ሴትዮ አለች ወይ፣ አላት። አሁን መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው እሷ ናት። ፈልጋ አሳየችው። አካውንቱ አለ፣ ፎቶው አለ። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ይሁን፣ መርማሪው ተገኝቶ ይሁን፣ ሰውዬው ተይዞ ይሁን የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። ይሄ ሥራ እንዲህ ነው፤ የሰው በር ታንኳኳለህ፣ ማን እንደከፈተው ሳታይ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ።

ሌላ ሳምንት ሳይሞላ ነርሷ ከመስኮቱ ሥር በእጇ ጠራችው። ሄዶ ከኋላዋ ቆመ። «የነገ ሰዎች» የሚባል አዲስ ግሩፕ ተዘግቶ ይግባኝ ብሏል። የሻማው ፎቶ በአበባ ተቀይሯል። ደብዳቤው ጨዋ ነው፣ ድርብ ሰረዙ በየቦታው ነው። ነርሷ በእስክሪብቶዋ ጫፍ የመጨረሻዋን መስመር ነካችለት። ያቺው ናት።

«እነሱ አይደክማቸውም እንዴ?» አለ።

«የሚደክመንስ እኛን ነው» አለችው፣ «አልጸደቀም» የሚለውን ተጫነችና ከላይ ላሉት አያይዛ ላከችው። ከዚያ የሚቀጥለውን ከፈተች። እሱም ወደ በሩ ንፋስ ተመለሰ።

ያን ማታ እትዬ በርጩማዋ ላይ ነበረች። ጫማውን ሲያወልቅ አየችው።

«ከመስኮቱ አነሱህ አሉ። የሻይ ክፍሏ ሴትዮ ገበያ አግኝታኝ ነገረችኝ። ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ይነገራል?»

«ምን አድርገህ ነው ያነሱህ?»

ቁጭ አለ። እትዬ ድንቹን ጭኗ ላይ አሳርፋ ጠበቀችው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ነው የምትጠብቀው፤ ከልምድ ብዛት ከንፈሯም ከወዲሁ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። እሱም አፉን ከፈተ፣ ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ግን ስልክ ይዛ እናቷ እግር ሥር የተቀመጠች ልጅ ታየችው። ቃሏን መልሶ ዋጣት። ከእንግዲህ የእሱ አይደለችም። እነዚያ ወስደዋታል።

«ጠይቀውኝ ነው የፈረዱብኝ» አለ።

የእትዬ ከንፈር ባለበት ቆመ። እጁን ዘርግቶ አንድ ድንች ከሳህኑ አነሳና፣ ቢላዋ ስጪኝ አላት።